የስቴት ሂዩማኒቲስ ምክር ቤቶች፦ ማኅበረሰባችን ለቃል ታሪክና ለሥነ ዜጋ ትምህርት ድጋፍ የሚያገኝበት ዝርዝር መመሪያ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታና በሲያትል ከሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት የሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን እያረጁ ነው። ታሪካቸው ለቅሶ ቤትና ክርስትና ላይ ይወራል እንጂ አይመዘገብም፤ ባለታሪኩ ሲያርፍም አብሮት ይቀበራል። የማኅበረሰብ ማኅበራቶቻችን ይህን ታሪክ ለማሰባሰብ ሲነሡ የሚታያቸው የገንዘብ ምንጭ የእራት ምሽት፣ የዕጣ ትኬትና የአባላት መዋጮ ነው። ይሁን እንጂ በእያንዳንዱ ስቴት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ተብሎ የተቋቋመ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አለ። ይህ መመሪያ ወደዚያ ድርጅት እንዴት እንደሚኬድ፣ ምን ይዞ እንደሚኬድና ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ ሥራው እንዴት እንደሚመራ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ደረጃ 1፦ ተቋሙን ማወቅ

የአሜሪካ ኮንግረስ ያወጣውንና ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን እ.ኤ.አ. መስከረም 29 ቀን 1965 የፈረሙትን ሕግ መሠረት አድርጎ ብሔራዊ የሂዩማኒቲስ ድጋፍ ተቋም ተመሠረተ። ሂዩማኒቲስ የሚባሉት የሰውን ልጅ አስተሳሰብና ታሪክ የሚመረምሩ የትምህርት ዘርፎች ናቸው። ሕጉ ቋንቋን፣ ሥነ ጽሑፍን፣ ታሪክን፣ ፍልስፍናን፣ የሕግን ምንነት፣ ሥነ ምግባርን፣ የሃይማኖቶችን ንጽጽርና ሌሎችንም ይዘረዝራል። ብሔራዊው ተቋም በዋና ከተማው ተቀምጦ ሕዝቡ ዘንድ ሊደርስ ስላልቻለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በየስቴቱ የየራሳቸው ቦርድ ያላቸው ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። ዛሬ ቁጥራቸው 56 ነው፤ ሃምሳው በሃምሳዎቹ ስቴቶች፣ ቀሪዎቹ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በፖርቶ ሪኮና በሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች ይገኛሉ።

ምክር ቤት የሚለው ስም አያሳስት። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሳይሆኑ ነጻ ድርጅቶች ናቸው። ከፌዴራል መንግሥት ድጋፍ ይቀበላሉ፣ ከስቴቱ፣ ከፋውንዴሽኖችና ከግለሰቦችም ያሰባስባሉ፤ ከዚህም የተወሰነውን ለቤተ መጻሕፍት፣ ለሙዚየሞችና ለማኅበረሰብ ማኅበራት ያከፋፍላሉ። የራሳቸውም ፕሮግራሞች አሏቸው። የሜሪላንዱ ምክር ቤት ተማሪዎች ታሪክን መርምረው የሚወዳደሩበትን የስቴቱን የታሪክ ቀን ውድድር ያካሂዳል። የኦሪገኑ በሠለጠኑ አወያዮች የሚመራ የማኅበረሰብ ውይይት በየከተማው ያዘጋጃል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የቨርጂኒያው ምክር ቤት ስለ ስቴቱ ታሪክ የሚያስረዳ የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ አለው። የዋሽንግተን ዲሲው ደግሞ ከከተማዋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጋር ሆኖ የነዋሪዎችን የቃል ታሪክ ያሰባስባል። በከተማዋ ያለውን የኢትዮጵያውያን ብዛት ስመለከት፣ ይህ የመጨረሻው ፕሮግራም ለእኛ የተከፈተ በር መስሎ ይታየኛል።

ከማመልከት በፊት የምክር ቤቱን ወቅታዊ አቅም ማጣራት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ብሔራዊው ተቋም ለምክር ቤቶቹ የሰጠውን ድጋፍ በድንገት በማቋረጡ ብዙዎቹ ሠራተኛ ቀንሰዋል፣ የድጋፍ ዙሮችንም አቁመዋል። ሜሎን ፋውንዴሽን በዚያው ወር 15 ሚሊዮን ዶላር የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ አሳውቆ ነበር፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደርሷል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የወጣ ማስታወቂያ ይዛችሁ አትነሡ። የድጋፍ ኃላፊውን በስልክ ወይም በኢሜይል አግኝታችሁ ዙሩ ክፍት መሆኑን፣ የገንዘቡን ጣሪያና የማመልከቻውን የመጨረሻ ቀን ጠይቁ። እነዚህ ኃላፊዎች ከማመልከቻ በፊት ማማከር ሥራቸው ነው፤ ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም እኛ ዘንድ ቢሮ ደውሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል።

ደረጃ 2፦ ከበዓል ወደ ጥያቄ

ማመልከቻዎች የሚወድቁት በአብዛኛው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አፍስሱ። የማኅበሮቻችን የተለመደ ሐሳብ «የባህል ቀን» ነው፤ ቡና ይፈላል፣ እስክስታ ይኖራል፣ ልጆች የአገር ልብስ ይለብሳሉ። እኔም በተሳተፍኩበት የመጀመሪያ ማመልከቻ ያቀረብነው ይህንኑ ነበር፤ መልሱም ዝግጅቱ ደስ የሚል ቢሆንም የሂዩማኒቲስ ይዘት የለውም የሚል ሆነ። ያን ጊዜ ቅር ብሎን ነበር። ቆይቶ ግን ምክር ቤቱ ልክ እንደነበረ ገባኝ፤ እኛ ራሳችንን ልናሳይ እንጂ ስለ ራሳችን ልንጠይቅ አልተነሣንም ነበር።

ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። የቡና ሥነ ሥርዓት ማሳየት ትዕይንት ነው። የቡና ሥርዓቱ ከጎረቤት ጋር የሚደረግ የዕለት ተዕለት ነገር መሆኑ ቀርቶ እዚህ አገር በተያዘ ቀጠሮ የሚደረግ ሲሆን ስለ ጉርብትና የነበረን አስተሳሰብ ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ ግን የሂዩማኒቲስ ሥራ ነው። ቡናው ይቀራል ማለት አይደለም፤ ጥያቄው የሚነሣበት ቦታ ይሆናል።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከ1966ቱ አብዮት በፊትና በኋላ ለትምህርት ወይም በስደት የመጡት ወገኖቻችን «እንመለሳለን» ማለታቸውን ያቆሙት መቼ ነው? ብዙዎቹ ሻንጣቸውን ሙሉ በሙሉ ሳይፈቱ ዓመታት አሳልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ፣ የመጀመሪያው ልጅ ትምህርት ቤት መግባት፣ የ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ፣ ቤት መግዛት፣ የአሜሪካ ዜግነት መሐላ ወይም አገር ቤት ያለችው እናት ማረፍ፦ መልሱ ከእነዚህ በየትኛው ቀን ላይ እንዳለ ሰው ሁሉ የየራሱ ታሪክ አለው። ጥያቄው የታሪክም፣ የሥነ ምግባርም፣ የዜግነትም ነው። ከሌላ አገር የመጣ ጎረቤትም ስለሚገባው ምክር ቤቱ አጥብቆ የሚፈልገውን ሰፊ ተደራሽነት ያሟላል።

ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ከዚያ ለሦስት ሰዎች ንገሩ፤ ለአንድ አዛውንት፣ እዚህ ለተወለደ አንድ ወጣትና ኢትዮጵያዊ ላልሆነ አንድ ሰው። ሦስቱም ወዲያው መልስ መስጠት ወይም መከራከር ከጀመሩ ጥያቄው ይሠራል። «በጣም ጥሩ ነው» ብለው ዝም ካሉ እንደገና አስቡበት።

ደረጃ 3፦ ምሁሩና አዋቂው

አብዛኞቹ ምክር ቤቶች በሥራው ውስጥ ቢያንስ አንድ የዘርፉ ምሁር እንዲሳተፍ ይጠይቃሉ። በአቅራቢያችሁ ያለ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ፣ የአፍሪካ ጥናት ወይም የአንትሮፖሎጂ ክፍል ዘንድ ሂዱ። ምሁሩ ኢትዮጵያዊ መሆን የለበትም፤ ዋናው ነገር ስሙን ለወረቀቱ አበድሮ የሚጠፋ አለመሆኑ ነው። ጥያቄዎቹን አብሮ ያርቅቅ፣ ጠያቂዎቹን ያሠልጥን፣ በመጨረሻው የሕዝብ ውይይት ላይም ይገኝ። ይህን በሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ላይ እንዲፈርም ጠይቁት።

ከዲግሪ ውጭ ያለ ዕውቀትንም የሚቀበሉ ምክር ቤቶች በርካታ ናቸው። ቅኔ የተቀኙ የኔታ፣ የሐረርን ወይም የጎንደርን የቆየ ታሪክ በቃል የሚያውቁ እናት፣ የተማሪዎችን ንቅናቄ በዓይናቸው ያዩ ሰው በማመልከቻው ላይ እንደ ዕውቀት ባለቤት ሊጠቀሱና የአገልግሎት ክፍያ ሊያገኙ ይገባል። አዋቂን በምስጋና ወረቀት ብቻ የመሸኘት ልማዳችን መቆም አለበት ብዬ አምናለሁ።

ደረጃ 4፦ ሕጋዊ ወረቀቶች

ይህ ክፍል አሰልቺ እንጂ ከባድ አይደለም። አመልካቹ ብዙውን ጊዜ በፌዴራል የግብር ሕግ አንቀጽ 501 ሲ 3 ከገቢ ግብር ነጻ የመሆን እውቅና ያለው ድርጅት መሆን አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው የአሠሪ መለያ ቁጥር በነጻ ይሰጣል። ዓመታዊ ገቢው ከ50,000 ዶላር፣ ጠቅላላ ሀብቱም ከ250,000 ዶላር የማይበልጥ ማኅበር ለእውቅናው ብዙውን ጊዜ በአጭሩ ቅጽ 1023-ኢዜድ ማመልከት ይችላል፤ ክፍያው 275 ዶላር ነው። እውቅናው ያላቸው ትንንሽ ማኅበራት ደግሞ ዓመታዊውን የኢንተርኔት ማሳወቂያ ማለትም ቅጽ 990-ኤን አይርሱ፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ ካልቀረበ እውቅናው በራሱ ይሰረዛል። ገንዘቡ ፌዴራል ከሆነ ሳም ዶት ጎቭ ከሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ የሚወሰድ ልዩ መለያ ቁጥርም ያስፈልጋል። ይህም በነጻ ነው፤ ክፍያ የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠማችሁ ተመለሱ።

ማኅበራችሁ እውቅና ከሌለው የቤተ መጻሕፍት ወዳጆች ማኅበርን፣ ሙዚየምን ወይም ሌላ እውቅና ያለውን ድርጅት የገንዘብ ባለአደራ እንዲሆንላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ባለአደራው ገንዘቡን ተቀብሎ ይይዛል፣ ሥራውን እናንተ ትሠራላችሁ። የእያንዳንዱን ድርሻ የሚወስን ውል በጽሑፍ ሳትፈራረሙ ግን አትጀምሩ።

ደረጃ 5፦ በጀቱና ማዛመጃው

ብዙ ምክር ቤቶች ለሚሰጡት እያንዳንዱ ዶላር ማኅበሩ አንድ ዶላር እንዲያዋጣ ይጠይቃሉ። ይህን የሚያነብ የማኅበር ገንዘብ ያዥ ተስፋ ይቆርጣል፤ መቁረጥ የለበትም። ማዛመጃው በአብዛኛው በዓይነት ሊሆን ይችላል፤ የበጎ ፈቃደኞች ሰዓት፣ በነጻ የተገኘ አዳራሽ፣ ምሁሩ ከክፍያው የተወው ክፍል ሁሉ ይቆጠራል።

ለምሳሌ ያህል አሥር አዛውንቶችን ለመጠየቅ 5,000 ዶላር የሚያመለክት ማኅበር እናስብ። ለምሁሩ 1,000፣ የአማርኛውን ድምፅ ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ 2,000፣ ለእንግሊዝኛ ትርጉም 1,000፣ ለአሥሩ ባለታሪኮች ለእያንዳንዳቸው 50 ማለትም 500፣ ለማስታወቂያ 300፣ ለፋይል ማከማቻ 200፤ ድምሩ 5,000 ይሆናል። በማዛመጃው በኩል ስምንት በጎ ፈቃደኞች እያንዳንዳቸው 15 ሰዓት ቢሠሩ 120 ሰዓት ይሆናል፤ ሰዓቱ በ30 ዶላር ቢታሰብ 3,600 ነው። ለአራት ስብሰባ በነጻ የተገኘ፣ በገበያ ዋጋ 200 ዶላር የሚከራይ የቤተ መጻሕፍት አዳራሽ 800፣ ምሁሩ የተወው 600 ሲደመር 5,000 ይሞላል። የሰዓቱን ተመን እንደ መላ አትጻፉ፤ ምክር ቤቱ የሚቀበለውን ጠይቁ። በጎ ፈቃደኞቹም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰዓታቸውን ይፈርሙ፤ በመጨረሻ ከትዝታ የተሞላ ቅጽ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል።

ለመገልበጥ የተያዘው ገንዘብ ብዙ ሊመስል ይችላል። የአማርኛን ንግግር በሚገባ መገልበጥ ግን የአንድ ሰዓቱ ቅጂ የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ይወስዳል፤ በተለይ ተናጋሪው ከትግርኛ፣ ከኦሮምኛ ወይም ከጉራጊኛ ጋር እያቀላቀለ ሲያወራ። የሚቀነስ ከጠፋ የባለታሪኮቹን ቁጥር ቀንሱ እንጂ የግልበጣውን ጥራት አትቀንሱ። ምግብና መጠጥ፣ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዝግጅት፣ ግንባታ፣ የአምልኮ ሥነ ሥርዓት እንዲሁም ለማንኛውም ዕጩ ወይም ለሚወጣ ሕግ የሚደረግ ቅስቀሳ በአብዛኛው አይደገፉም። እንጀራውን አባላት በየቤታቸው ጋግረው ያምጡት።

ደረጃ 6፦ ቃለ መጠይቁ

የሚጠይቁት ወጣቶች ቢሆኑ ይመረጣል፤ ነገር ግን አያት ፊት መቅረጫ አኑሮ መቀመጥ ሥልጠና ይፈልጋል። አንድ ቅዳሜ መድቡ፤ ወጣቶቹ እርስ በርሳቸው እየተጠያየቁ ይለማመዱ። መጀመሪያ የሚማሩት ዝም ማለትን ነው። አዛውንት ሲያስቡ ቆም ይላሉ፤ እዚህ ያደገ ልጅ ዝምታው ስለሚጨንቀው በሌላ ጥያቄ ያቋርጣል፣ በዚያች ቅጽበት ሊወጣ የነበረው ነገርም ተመልሶ ይገባል። «እርስዎ» ማለትን የማይችል ወጣትም ከዚህ ቀን በፊት ይለማመድ፤ «አንቺ» የተባሉ እናት ምንም ባይሉም ታሪካቸውን ያሳጥሩታል።

በቤት ውስጥ መቅረጽ ይሻላል፤ ማቀዝቀዣውንና ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ቡናው ከቃለ መጠይቁ በኋላ ይፈላ፤ ሲኒ የሚንኳኳበት ቅጂ ለገልባጩ ስቃይ ነው። ድምፁን ባልተጨመቀ የዌቭ ፋይል ቅረጹ፣ በዚያው ዕለት በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ቅጂ አስቀምጡ፣ ከሦስቱም አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን።

የፈቃድ ወረቀቱን በሚመለከት ሳልጠነቀቅ ማለፍ አልችልም። ባለታሪኩ ጥገኝነት ጠይቀው የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። በበረሃ ያገኟቸው ሰዎች፣ ያለፉባቸው አገሮችና የተጠቀሙበት ወረቀት ዛሬም እርሳቸውን ወይም አገር ቤት ያለ ዘመዳቸውን ሊጎዳ የሚችል ነገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታ በቀጥታ አይጠየቅም። ፈቃዱ በአማርኛ ወይም ባለታሪኩ በሚመቻቸው ቋንቋ ተጽፎ ይነበብላቸው። ከቅጂው በፊት ሐሳቡ ይገለጽላቸው፤ የመጨረሻው ፊርማ ግን ቅጂውን ሰምተው የሚወጣው ከወጣ በኋላ ይሁን። ምርጫው «ተስማማሁ» ወይም «አልተስማማሁም» ብቻ መሆን የለበትም፤ ስም እንዲሸሸግ፣ የተወሰነ ክፍል እንዲቆረጥ፣ ለተወሰኑ ዓመታት እንዲዘጋ የመጠየቅ መብት ይጻፍ። ልጃቸው «ግድ የለም፣ ይፈርሙ» ቢል እንኳ ጠብቁ። እምነት ያጡ አንድ አዛውንት የሃያ ሰው በር ያዘጋሉ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ወሬው ከተማውን ያዳርሳል።

ባለታሪኮችን ስትመርጡም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም በአንድ የፖለቲካ ወገን ብቻ አትወሰኑ። ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም፣ ከየብሔረሰቡ የመጣውም፣ ዶክተሩም፣ በአውሮፕላን ማረፊያ መኪና ማቆሚያ ሲሠሩ ጡረታ የወጡትም ይግቡ። የመሰብሰቢያውን ቦታ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አድርጉት፤ እዚያ ማንም እንግዳ አይደለም።

ደረጃ 7፦ የሥነ ዜጋ ውይይቱ

ቅጂዎቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ወደ ሕዝብ ይመለሳሉ። በየሁለት ሳምንቱ የሚደረጉ አራት ውይይቶች በቂ ናቸው። በእያንዳንዱ የአሥር ደቂቃ ያህል ቅጂ ይሰማል፣ አንድ አጭር የሕግ ጽሑፍ ይነበባል፣ ምሁሩ ሩብ ሰዓት ያብራራል፣ የቀረው ጊዜ ለተሰብሳቢው ይተዋል። አወያዩ ሦስት ደንቦችን በመክፈቻው ያስታውቅ፦ ሰው ስለ ራሱ ይናገራል እንጂ ስለ ብሔሩ አይናገርም፣ የሌላውን የሕይወት ታሪክ ማስተባበል አይፈቀድም፣ የዛሬ ዕጩና ፓርቲ አይነሣም። የመጨረሻው ደንብ ለሰላም ብቻ ሳይሆን ለሕግም ነው፤ 501 ሲ 3 የሆነ ድርጅት በምርጫ ዘመቻ መሳተፍ ፈጽሞ ተከልክሏል።

ለንባብ የሃይማኖት፣ የንግግርና የመሰብሰብ ነጻነትን የሚደነግገውን የአሜሪካን ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ ከኢትዮጵያ ሕገ መንግሥታት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡ። ኢትዮጵያ በ1923፣ በ1948፣ በ1980 እና በ1987 ዓ.ም. አራት ሕገ መንግሥታት ነበሯት። ከ1948 በፊት የተወለዱ አዛውንት፣ በዚያን ጊዜ ልጅ ቢሆኑም፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በአገራቸው አሳልፈዋል፣ የኋለኞቹንም ቢያንስ ከሩቅ ሰምተዋል፤ በዚህ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1787 ተጽፎ እስከ ዛሬ በማሻሻያ በሚሠራ በአንድ ሰነድ ሥር ይኖራሉ። ሕግ ሲቀየር የሰው ኑሮ ይቀየራል ወይ የሚለውን በዚህ ልምድ ላይ ተመሥርቶ የሚመልስ ሰው ከየትኛውም የትምህርት ክፍል አይገኝም።

ውይይቱ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁትንም ይረዳል፤ ነገር ግን ማመልከቻችሁ የፈተና ማጥኛ ክፍል ብቻ ከሆነ ምክር ቤቱ ጥያቄ ያነሣል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 20 ቀን 2025 ጀምሮ የዜግነት ማመልከቻ የሆነውን ቅጽ ኤን-400 ያስገቡ አመልካቾች ከ128 ጥያቄዎች ውስጥ እስከ 20 ይጠየቃሉ፣ 12 መመለስ አለባቸው። ዕድሜያቸው 65 የሞላና ቢያንስ 20 ዓመት በቋሚ ነዋሪነት የኖሩ ግን 20 ጥያቄዎችን ብቻ ያጠናሉ፣ 10 ተጠይቀው 6 ይመልሳሉ፣ ያውም በአስተርጓሚ በቋንቋቸው። ይህን መብት ሳያውቁ «እንግሊዝኛ ስለማልችል» ብለው ዓመታት የቆዩ እናቶች አሉ። በእያንዳንዱ ውይይት በር ላይ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት አስቀምጡ፤ የግል ጉዳይ ያለባቸውን ግን ወደ ሕግ ባለሙያ ላኩ እንጂ ራሳችሁ አትምከሩ።

ደረጃ 8፦ ሪፖርቱና መዝገቡ

የመጨረሻው ክፍያ ብዙውን ጊዜ የሚለቀቀው የማጠቃለያ ሪፖርት ሲቀርብ ነው። ደረሰኞችን፣ የተፈረሙ የሰዓት ቅጾችን፣ የተሰብሳቢውን ቁጥርና የምክር ቤቱ ስም የተጠቀሰባቸውን ማስታወቂያዎች ከመጀመሪያው በአንድ ማኅደር ያዙ። ያልተሳካውንም በግልጽ ጻፉ። ከሁለተኛው ውይይት የቀሩ ወጣቶች ካሉ ለምን እንደቀሩ ጠይቃችሁ ግለጹ፤ ዝም ከማለት ይልቅ ይህ የሚቀጥለውን ማመልከቻችሁን ያጠናክራል።

ቅጂው የሚቀመጥበትን ቦታ ከማመልከቻው በፊት መወሰን ይገባል። በማኅበሩ ጸሐፊ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፋይል ጸሐፊው ሲቀየር ይጠፋል። ከአካባቢው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወይም ከዩኒቨርሲቲ መዛግብት ጋር ተፈራረሙ፤ የተዘጉት ክፍሎች በተጻፈው ቀን ብቻ እንዲከፈቱ ስምምነቱ ላይ ይካተት። የእያንዳንዱን ባለታሪክ ስም በግእዝ ፊደልም በላቲንም መዝግቡ፤ በላቲን ብቻ ከተጻፈ አንዱን ስም በአምስት ዓይነት አጻጻፍ መፈለግ ይመጣል። ከዚያም የድምፁን ቅጂና የተገለበጠውን ጽሑፍ በአንድ ፖስታ አድርጋችሁ፣ ሌላ ወረቀት ሁሉ ሳይያያዝበት፣ በየቤታቸው እየሄዳችሁ ለአዛውንቶቹ በእጃቸው ስጡ።